ውሁዶችን ከምርመራ በፊት ስናደርቅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በላቦራቶሪ የተሠራ ውሁድ ተጣርቶ እንዳበቃ በቀጥታ ወደ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረቂያ ምድጃ ማስገባት ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። ሙቀቱ በላዩ ላይ የቀረውን እርጥበት ብቻ ሳይሆን የክሪስታሉ አካል የሆነውን ውሃም ሊያስወጣ ይችላል። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት በዚህ ሙቀት አካባቢ ከአምስቱ የውሃ ሞለኪውሎቹ አራቱን አጥቶ ይገረጣል፤ አምስተኛውን ግን ከ200 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይለቅም። ስለዚህ «ደርቋል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ውሃ እንደወጣ ካልታወቀ የንጥረ ነገር ትንተናው (የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ድርሻ የሚለካበት ምርመራ) ውጤት ከውሁዱ ቀመር ጋር አይገጥምም። ፐርክሎሬትን (ክሎሪንና ኦክስጅን ያሉበትን አዮን) ከካርቦናዊ ሞለኪውሎች ጋር የያዙ የብረታ ብረት ውሁዶች ደግሞ ሲሞቁ ሊፈነዱ ስለሚችሉ ምድጃ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም።

ሁለተኛው ስህተት ውሁዱ የተሠራበትን አሟሚ (ውሁዱ የሟሟበትን ፈሳሽ) መርሳት ነው። ለምሳሌ ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለው አሟሚ የሚፈላው በ189 ዲግሪ በመሆኑ፣ በክፍል ሙቀት ለአንድ ሰዓት ቫኪዩም (አየሩ በፓምፕ የተመጠጠበት ዕቃ) ውስጥ ማቆየት አያስወግደውም። እኔ የምመርጠው ውሁዱን በማያሟማው፣ ግን በቀላሉ በሚተንና ከፊተኛው አሟሚ ጋር በሚቀላቀል ፈሳሽ ደጋግሞ አጥቦ ከዚያ በኋላ ቫኪዩም መጠቀምን ነው። አቀዝቅዞ ማድረቅም የሚያመቸው በዋናነት ለውሃ ሙሙት ነው፤ ኤታኖል በብዛት ከተቀላቀለበት ናሙናው በመሣሪያው ውስጥ ይቀልጣል።

በዴሲኬተር (ናሙና በሚደርቅበት ዝግ ዕቃ) ውስጥ የሚደረገውን ማድረቂያም ሳይለዩ መምረጥ ያሳስታል። ሲሊካ ጄል ውሃን ይስባል እንጂ ሄክሴን ለተባለው አሟሚ አያስተማምንም፤ ለሄክሴን የፓራፊን ሰም ፍቅፋቂ ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት ምርመራው ራሱ ምን እንደሚፈልግ አለመጠየቅ ነው። ለነጠላ ክሪስታል የኤክስሬይ ጥናት የተዘጋጀ ክሪስታል ከነፈሳሹ መቆየት አለበት፤ ውስጡ ያለው አሟሚ ከወጣ ሊፈርስ ይችላል። በተቃራኒው፣ በሕዋሳት ላይ የሚሞከር ውሁድ ከክብደቱ 10 በመቶው አሟሚ ከሆነ፣ 10 ሚሊግራም ተብሎ የተመዘነው 9 ሚሊግራም ብቻ ስለሚሆን ውሁዱ ከእውነቱ ይልቅ ደካማ መስሎ ይታያል። ክብደቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ደጋግሞ መመዘን ይረዳል፤ ነገር ግን አረፋ መስሎ የደረቀ ጠጣር አሟሚ አምቆ ይዞም ክብደቱ ሊረጋ ስለሚችል፣ በፕሮቶን ኤንኤምአር (በሃይድሮጅን አተሞች ምልክት የቀረ አሟሚን በሚያሳይ ምርመራ) ሳይታይ ወደ ሙከራው መግባት የለበትም።