አሮጌ ሪቮልቨር የማን ሥራ፣ የመቼ ዘመን እንደሆነ እንዴት ይለያል?

ከአያት የቀረ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ የሚገባበት ሽጉጥ) ሲገኝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የብረት ብሩሽና የአሸዋ ወረቀት ነው። እባካችሁ ተዉት። ዘመኑን የሚናገሩት ምልክቶች በጣም ደቃቅ ናቸው፤ ከዝገቱ ጋር ተፍቀው ይሄዳሉ። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ዘይት ማበስ ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ጥይት አለመጉረሱን አረጋግጡ። አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፣ ጣት ምላጩ ላይ አይረፍ፣ ተሽከርካሪው (ጥይት የሚጎርሰው ክብ ክፍል) ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይታዩ። አከፋፈቱን ካላወቃችሁ አትታገሉት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የፈቃዱን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

አሁን ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለጊዜው እርሱትና አጎራረሱን ተመልከቱ። ተሽከርካሪውን ከኋላ በኩል እዩት። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ጀርባ ትንሽ ጡት የመሰለ ብረት ካለ፣ ባሩዱና እርሳሱ ለየብቻ የሚሞላበት የድሮ ዓይነት ነው። የኋላ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ስንጥቆች ካሉ፣ ከጥይቱ ጎን ወጣ የምትል ሚስማር የሚመታ ነው። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል በ1858 የተቀበለው የለፎሾ ሪቮልቨር እንዲህ ያለ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ብረቱ ላይ የተመታውም እንደዚያው።) ተሽከርካሪው ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ ግን ወደ 1890ዎቹ ተጠግታችኋል። የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ድርጅት ኮልት ይህን ያመጣው በ1889 ነው፤ የፈረንሳዩ የ1892 ሞዴል ደግሞ ወደ ቀኝ ይከፈታል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ያዙ። መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሩ፤ የደበዘዘው ምልክት በጥላው ብቅ ይላል። በስልክም ፎቶ አንሱት።

ስም የሌለው ሪቮልቨር ካጋጠማችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ የቤልጅየሟ ሊዬዥ ሥራ ሊሆን ይችላል። እዚያ ጥንካሬው የተፈተሸ መሣሪያ ተሽከርካሪው ላይ እንቁላል ቅርጽ ያለው ማኅተም አለው። ውስጡ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደሎችና ከሥራቸው ኮከብ አሉ። ከእንቁላሉ በላይ ዘውድ ካለ ከ1893 ወዲህ የተመታ ነው፤ ከሌለ ከዚያ በፊት። በአቅራቢያው ደግሞ የተቆጣጣሪው አንድ ፊደል ይኖራል። ከፊደሉ በላይ ያለው ዘውድ ከሆነ ከ1877 በፊት፣ ኮከብ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እንቁላሉ ዘውድ አልባ፣ ፊደሉ ባለ ኮከብ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ሪቮልቨሩ ከ1877 እስከ 1893 ባለው ጊዜ ውስጥ የተፈተሸ ነው። ከሁለት ደቃቅ ምልክቶች ይህን ያህል መማር ይቻላል!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ዓመት ተጽፎ ሲያይ ነው። ኮልት "ሲንግል አክሽን አርሚ" በተባለው ሪቮልቨር ላይ የምታዩት 1871፣ 1872 እና 1875 የፈጠራ መብቱ የተመዘገበባቸው ዓመታት ናቸው። ያው ጽሑፍ ከዚያ ብዙ ቆይተው በተሠሩትም ላይ አለ። በፈረንሳዩ የ1873 ሞዴል ላይም እንዲሁ ነው፤ አፈሙዙ አናት ላይ ያለው የሞዴሉ ስም ነው። የተሠራበትን ዓመት የምታገኙት ከአፈሙዙ በቀኝ ጎን፣ የተሠራበትን የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ከሚወክለው ኤስ ፊደል አጠገብ ነው።

ዓመት ያልተመታበትን የሚፈታው ተከታታይ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ከገላው፣ ከተሽከርካሪውና ከእጀታው ሥር ፈልጉና አመሳክሩ። ካልገጠሙ አንዱ ክፍል ከሌላ መሣሪያ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ኮልት ከሆነ ድርጅቱ መዝገቡን አይቶ፣ በክፍያ፣ መሣሪያው መቼ ከፋብሪካ እንደወጣ በደብዳቤ ይገልጻል። አሜሪካ ለምትኖሩ የተሠራበትን ዓመት ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በፌዴራል ሕግ ጥንታዊ የሚባለው እስከ 1898 ድረስ የተሠራው ነው፣ የ1899ኙ ግን እንደ ማንኛውም መሣሪያ ይቆጠራል። የየስቴቱን ሕግም ለይታችሁ ጠይቁ።