የርችቱን ካርቶን አይጣሉ

ርችት የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ካርቶኑን ቀዶ መጣል ነው። ቆይ! በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን አደገኛ ርችት ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲያስታውቅ የምርቱን ስምና መለያ ቁጥር ይገልጻል፤ ያ ቁጥር ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሸጊያው ላይ ነው። ርችት ከሚሰበሰብባቸው ምክንያቶች አንዱ ከተፈቀደው በላይ ባሩድ መያዙ ነው፤ ይህ በዓይን አይለይም። የማቀጣጠያ ክሩም እንዲሁ። ደንቡ ከ3 እስከ 9 ሰከንድ እንዲነድ ያዛል፤ በ1 ሰከንድ የሚያልቅ መሆኑን የሚያውቁት ግን እጅዎ ገና ሳይርቅ ነው። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ውስጥ ከተገኘ «አንዱን ብቻ ልሞክር» የሚባል ነገር የለም (እኔም ብዬው አውቃለሁ)። ሳይለኩሱ ማስታወቂያው እንዳዘዘው ይመልሱና ገንዘብዎን ይጠይቁ።