የመቅለጫ ነጥብ ስትለኩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የዲኤስሲ (ናሙና ሲሞቅ የሚስበውንና የሚለቀውን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ) ግራፍ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ሲታይ ብዙ ሰው «በቃ ቀለጠ!» ይላል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ነው። ናሙና ሙቀት የሚስበው ሲቀልጥ ብቻ አይደለም። በክሪስታሉ ውስጥ የያዘው ውኃ ሲወጣም ይስባል። 100 ዲግሪ አካባቢ ሰፋ ያለ ጉድጓድ ካያችሁ መጀመሪያ ውኃን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያንኑ ናሙና እያሞቀ ክብደቱን በሚከታተለው ቲጂኤ ላይ ሞክሩት። ክብደቱ ከቀነሰ የወጣ ነገር አለ ማለት ነው። መቅለጥ ብቻውን ክብደት አይቀንስም። (አንዳንድ መሣሪያ ጉድጓዱን ገልብጦ ወደ ላይ ነው የሚሥለው። አቅጣጫውን ሳታዩ አትፍረዱ።)

ሌላው የጉድጓዱን ጫፍ (በጣም የጠለቀበትን ነጥብ) እንደ መቅለጫ ነጥብ መጻፍ ነው። ጫፉ ናሙናው ሲበዛ ወይም ማሞቂያው ሲፈጥን ወደ ከፍተኛ ሙቀት ይሸሻል። ለንጹሕ ንጥረ ነገር የሚወሰደው መነሻው ነው፦ ከጉድጓዱ በፊት ያለውን ቀጥ ያለ መሥመርና ቁልቁል የሚወርደውን አስረዝሙ፣ የሚገናኙበትን አንብቡ። ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ ረጅም ሰንሰለት ሞለኪውል ያለው ነገር) ላይ ግን ጫፉን መጻፍ የተለመደ ነው።

ካሊብሬሽንም (መቅለጫው በታወቀ ነገር መሣሪያውን ማስተካከል) አለ። ኢንዲየም የተባለው ብረት በ156.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ መሣሪያችሁ ሌላ ቁጥር ካሳየ ችግሩ ከናሙናው አይደለም። በደቂቃ 10 ዲግሪ ካሊብሬት አድርጎ በ20 መለካትም አይሆንም። ከፍ ያለ ሙቀት ላይ ለምትሠሩ ዚንክን ጨምሩበት፤ እሱ 419.5 ላይ ነው።

ናሙና ማብዛት ውጤቱን አያሻሽልም። ጥቂት ሚሊግራም በስሱ ተዘርግቶ ከሳህኗ ወለል ጋር በደንብ ከተገናኘ ይበቃል።

ናሙናውን አሙቆ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና ሲያሞቁ የሚገኘውን የሁለተኛውን ማሞቅ ውጤት ብቻ ማመን ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ለፖሊመር ጥሩ ልማድ ነው፣ የቀድሞ የሙቀትና የቅዝቃዜ ታሪኩን ያጠፋል። ለመድኃኒት ግን የምትፈልጉት ያ ታሪክ ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞልን ተመልከቱ። በተለመደው ቅርጹ 169 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ቀልጦ ቀዝቅዞ ዳግም ሲሞቅ ግን 157 አካባቢ ሊቀልጥ ይችላል። ቆሻሻ የገባበት ይመስላል፤ ሞለኪውሉ ግን ያው ነው፣ የተለወጠው የክሪስታሉ አደራደር ነው።

እንደ ሱክሮስ እየቀለጡ የሚፈርሱ ነገሮች ላይ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር አትፈልጉ። የማሞቂያው ፍጥነት በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩም ይቀየራል። ስለዚህ ፍጥነቱን ከውጤቱ ጎን ጻፉ።