«አመሰግናለሁ በል» ከማለት በፊት፦ ልጆችን ምስጋና ስለማስተማር

እንግዳ ለልጅ ከረሜላ በሰጠ ቁጥር «አመሰግናለሁ በል እንጂ!» የሚል ወላጅ የልጁን አንደበት ያሠለጥናል። ይህ ጨዋነት ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም ልጁ ቃሉን ስላወጣ ብቻ ውለታው ተሰምቶታል ማለት አይቻልም። የምስጋና ስሜት በልጅ ውስጥ የሚያድገው ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ሲጀምር ነው፤ ሰጪው አስቦበት መስጠቱን፣ ለመስጠት ጊዜውን፣ ጉልበቱን ወይም ገንዘቡን ማውጣቱን፣ የተሰጠው ነገርም ለራሱ መጥቀሙን። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄፍሪ ፍሮህና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ8 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ ተማሪዎች ያስተማሩት እነዚህኑ ሲሆን፣ ትምህርቱን ያገኙት ልጆች ካላገኙት ይልቅ አመስጋኝ ሆነው ተገኝተዋል።

ሐረር የሚኖር ቤተሰብ ይህን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለበዓል ልብስ የሚሰፋለትን ልጅ ልብሱ ተጣጥፎ በፌስታል እስኪመጣለት ከማስጠበቅ ይልቅ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይዘውት ይሂዱና ልኩ ሲወሰድ፣ ጨርቁ ሲቆረጥ፣ ሰፊው ጎንበስ ብለው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ይመልከት። በዓል ሲቃረብ ሥራ ስለሚደራረብና የተጣደፈ ሰፊ ለልጅ ጥያቄ ጊዜ ስለማይኖረው ቀደም ብሎ መሄድ ይሻላል። ወደ ቤት ሲመለሱ «ጋሼን በጣም ያደከማቸው የቱ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ራሱ ይፈልግ። ልብሱን በሚረከብበት ቀንም «ጋሼ፣ ኪሱን ጠለቅ አድርገው ስለሰፉልኝ አመሰግናለሁ» ቢል፣ ምን እንደተደረገለት ለይቶ ለማወቅ ተገዷል ማለት ነው።

ውኃም ጥሩ ትምህርት ነው። ቀድሞ ውኃ ታገኝበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ ይመጣላታል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከሐረር ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ውኃው ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ ተገፍቶ መውጣት አለበት። ጀሪካን በሚሞላበት ቀን፣ ከጉድጓድ ቆፋሪው ጀምሮ ጀሪካኑን ተሸክማ እስካስገባችው እኅቱ ድረስ ማን ማን እንደደከመ ልጁ በጣቱ እየቆጠረ ይናገር። ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የሌላውን ሰው ሐሳብ ገና በቅጡ ስለማይረዳ ይህ ይከብደዋል፤ ለእርሱ አባት እናትን «ቡና ስላፈላሽልኝ አመሰግናለሁ» ሲላት መስማቱ ይበቃዋል።

ከቃል ቀጥሎ የሚመጣው ውለታ መመለስ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፍራንሲስካ ባውምጋርተን ትራመር በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በስዊዘርላንድ የምትገኘውን የበርን ከተማ ልጆች «ትልቁን ምኞታችሁን ለሚፈጽምላችሁ ሰው ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ ከመልሶቹ መካከል ልጆቹ ራሳቸው የሚወዱትን ነገር ለመስጠት ማሰባቸው የታየባቸው ነበሩ። ስለዚህ የ7 ዓመት ልጅ ለአያቱ ብይ ሊሰጥ ቢነሳ አይሳቁበት። ብዩን ይስጥ፤ በኋላ «እማማስ ምን ይቸግራቸዋል?» ብለው ቢጠይቁት፣ ዓይናቸው ደክሟልና መርፌያቸው ላይ ክር ማስገባት እንደሚችል ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ጎረቤት በበዓል የላከውን ሳህን የሚመልሰውም ልጁ ይሁን፤ ምን ተደርጎበት እንደሚመለስ እርሱ ይምረጥ። ጎረቤቱ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ ከሆነ ሥጋ እንደማይላክ፣ ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ግን እንደሚያስደስት በዚሁ አጋጣሚ ይማራል።

ሁለት ልማዶችን ግን መተው ይገባል። አንደኛው «እኔ ለአንተ ስንት ተሰቃይቼ!» እያሉ ውለታ መቁጠር ነው፤ እንዲህ ያለ ንግግር ልጁን ባለዕዳ እንደሆነ ያሳስበዋል እንጂ አመስጋኝ አያደርገውም፤ ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪውን ይሸሻል። ሁለተኛው በር ላይ የሚለምንን ልጅ እያሳዩ «አንተ እኮ ታድለሃል» ማለት ነው። በእኔ አመለካከት ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የሌላውን ችግር መማሪያ አድርጎ ልጁን በራሱ ምቾት ያኮራዋል።

ልጁ የማይወደው ስጦታ ሲሰጠው «በጣም ወድጄዋለሁ» ብሎ እንዲዋሽ አያስገድዱት። «ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ» ማለት ይችላል፤ ቅሬታውን ደግሞ እንግዳው ከሄዱ በኋላ ለእርስዎ ይንገርዎት።