ሲሙሌተር ከመግባታችሁ በፊት፦ ለአየር መንገድ አብራሪነት ሥልጠና ባሕር ዳር ሆኖ እንዴት መዘጋጀት ይቻላል

የአብራሪነት ፈቃዱን ይዛችኋል እንበል። አሁን የሚቀራችሁ በሲሙሌተር (የአብራሪዎችን ክፍል አስመስሎ በተሠራ ማሠልጠኛ) የሚሰጠው የአየር መንገዱ ሥልጠና ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለሰው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400። እዚህ ላይ የሚፈትነው መሪው ሳይሆን ጥድፊያው ነው። አዲስ አበባ ደርሳችሁ ከምትሯሯጡ ቤታችሁ ጀምሩት።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ። የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀታችሁ ጊዜው እንዳያልፍ። እንግሊዝኛችሁም በአይካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 4 ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ።

ቀጥሎ የኮክፒቱን (የአብራሪዎቹን ክፍል) ሥዕል በትልቁ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ፊቱ ወንበር አድርጉ። ባትሪ ከማብራት ሞተር እስከ ማስነሳት ያለውን ቅደም ተከተል በእጃችሁ ሂዱበት። ጣታችሁ ማብሪያው ላይ ሲያርፍ አፋችሁ ስሙን ይጥራ። በልብ ማንበብ አይበቃም። ቤተሰብ «ምን ነካቸው?» ሊል ይችላል፤ ይበል።

ከዚያ ጓደኛ ፈልጉ። አንዱ ያበራል፣ ሌላው ይከታተላል። ተከታታዩ «ቪ ዋን» (መነሳትን ማቋረጥ የሚቻልበት የመጨረሻው ፍጥነት) ሲል አብራሪው እጁን ከኃይል መቆጣጠሪያው ያነሳል፤ ከዚህ በኋላ መነሳት እንጂ መቆም የለም። «ሮቴት» (አፍንጫውን አንሳ)፣ «ፖዚቲቭ ሬት» (ከፍታ እየጨመርን ነው)፣ «ጊር አፕ» (ጎማውን እጠፍ) እያላችሁ ቀጥሉ። ቃሉን ከአየር መንገዱ መመሪያ ሳታዛንፉ ውሰዱ፤ ከዩቲዩብ የለቀማችሁትን ተዉት። የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችንም እንዲሁ፣ ቃል በቃል።

ባሕር ዳር መሆናችሁ ደግሞ ይጠቅማል። ኤርፖርቱ ከባሕር ጠለል በላይ 6,000 ጫማ ግድም ነው። በመደበኛው ስሌት በዚህ ከፍታ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ነው። ቀትር ላይ 28 ቢደርስ ልዩነቱ 25 ይሆናል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ጨምሩ፤ 3,000 ይመጣል። አውሮፕላኑ 9,000 ጫማ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሠራው። አየሩ ስለሳሳ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጣሉ፣ መንደርደሪያውም ይረዝማል። ስታርፉም የፍጥነት መለኪያው የለመዳችሁትን ቁጥር እያሳየ መሬቱን የምትነኩት ፈጥናችሁ ነው። ጠዋትና ቀትር የሙቀቱን መጠን እያያችሁ አስሉት፤ ፈተና ላይ አይጠፋባችሁም። ጣና ዳር ፔሊካኖቹ ሲያንዣብቡ ካያችሁ፣ ወፍ ሞተር ውስጥ ቢገባ ከቪ ዋን በፊት ምን፣ በኋላስ ምን እንደምታደርጉ ለጓደኛችሁ አስቀድማችሁ በአጭሩ አስረዱ።

ሲሙሌተር ውስጥ ነገር ሲደራረብ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብሩ፣ ቀጥሎ አቅጣጫችሁን ያዙ፣ ከዚያ በሬዲዮ ተነጋገሩ። እኛ ጋ የሚከብደው ሌላው ነገር ታላቅን ማረም ነው። ካፒቴኑ ፍጥነቱ ሲወርድበት ዝም ማለት ግን ጨዋነት አይደለም። «ስፒድ» በሉ፣ ካልሰማ ድገሙት። ይህንንም ከጓደኛችሁ ጋር ተለማመዱት፤ አንዳችሁ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ፣ ሌላው ጮክ ብሎ ይናገር።

ከልምምድ እንደወጣችሁ አሠልጣኙ ያለውን እዚያው ጻፉ። የነገውን ቻርት (የበረራ ካርታ) ማታውኑ አውጥታችሁ እዩና ተኙ።