የስቴቶች የፈተና ውጤት ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። ቴክሳስ ሥራ አግኝቷል፤ ልጆቹን ይዞ መሄዱ ግን አስፈርቶታል። «ትምህርታቸው ዝቅ ያለ ነው አሉኝ፤ የስቴቶቹን የፈተና ውጤት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ራሴ አየሁት» አለኝ። «ሰንጠረዡ ውስጥ እነማን እንዳሉስ አይተሃል?» ስለው ዝም አለ። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው፤ እንደ እሱ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ስቴት ከስቴት ለሚያመዛዝን ወላጅም ጭምር።

የአንድ ስቴት አማካይ ውጤት ሁለት ነገር አብሮ ይዟል። አንዱ ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ነው። ሌላው ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው፦ የወላጆቹ ገቢና ትምህርት፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ፣ አሜሪካን ከረገጠ ስንት ዓመት እንደሆነው። ሰንጠረዡ ሁለቱን ደባልቆ በአንድ ቁጥር ያወጣቸዋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ምልክት፦ የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገሩ ልጆች በአንዴ ይጎብዛሉ

በ2022-23 የትምህርት ዘመን (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ቨርጂኒያ ውስጥ የንባብ ፈተናውን 73 በመቶው ተማሪ አለፈ። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ 48 በመቶ ገደማ። በሒሳብማ አይነሳ፦ 69 በመቶ ለ23 በመቶ።

ይህ ከተማሪዎቹ ማንነት ጋር ብዙም አይገናኝም። ፈተናው ራሱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ፈተና ያወጣል፣ የማለፊያ ነጥቡንም ራሱ ይቆርጣል። የፌዴራሉ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል የስቴቶችን ማለፊያ በአንድ መለኪያ ሲያስተያይ የቨርጂኒያ የንባብ ማለፊያ ከዝቅተኞቹ ተርታ ሲወጣ ቆይቷል።

መፍትሄው የስቴት ፈተናን ከስቴት ፈተና ጋር ጨርሶ አለማወዳደር ነው። ለሁሉም አንድ የሆነ ፈተና አለ፤ ኔይፕ ይሉታል። በ1969 ተጀመረ፣ በ1990 በስቴት ደረጃ ውጤት ማውጣት ጀመረ፣ ከ2003 ወዲህ ሁሉም ስቴቶች ይሳተፋሉ። ናሙና የሆኑ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ንባብና ሒሳብ ይፈተናሉ፤ ነጥቡ ከ500 ነው። እዚያ ላይ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የ4ኛ ክፍል ንባብ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ኔይፕ «ብቁ» የሚለው ደረጃ «ለክፍሉ የሚመጥን» ማለት አይደለም፤ ከዚያ ከፍ ያለ ነው። «ሁለት ሦስተኛው ልጅ ማንበብ አይችልም» የሚል ዜና ሲያዩ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያምታታ ሰው የጻፈው ነው።

ምልክት፦ በጥቅሉ ይበልጣል፣ በየቡድኑ ያንሳል

ይሄኛው ጉደኛ ነው። የ2009ን የ4ኛ ክፍል የሒሳብ ኔይፕ እንውሰድ። ዊስኮንሲን 244፣ ቴክሳስ 240። ያለቀ ነገር ይመስላል። በ2011 ዊስኮንሲን ውስጥ በመምህራን ማኅበራት መብት ላይ ፖለቲካው ሲጋጋል እንዲህ ያሉ ቁጥሮች እንደ ዱላ ይወዛወዙ ነበር።

አሁን ተማሪዎቹን በቡድን እንለያቸው። ነጮች፦ ቴክሳስ 254፣ ዊስኮንሲን 250። ላቲኖዎች፦ ቴክሳስ 233፣ ዊስኮንሲን 228። ጥቁሮች፦ ቴክሳስ 231፣ ዊስኮንሲን 217። በሦስቱም ቴክሳስ ይመራል። ሲደመር ግን ተሸነፈ!

የስሌት ስህተት የለም። ያን ጊዜ ዊስኮንሲን ውስጥ ከአራት ተማሪ ሦስቱ ያህል ነጭ ነበሩ፤ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ትልቁ ቡድን ደግሞ ላቲኖ። ስለዚህ የዊስኮንሲን አማካይ የሚጎተተው ወደ 250 ነው፣ የቴክሳስ ወደ 233። የሒሳብ ሰዎች ይህን የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይሉታል፤ በ1951 ስለ ጉዳዩ በጻፈው በእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሲምፕሰን ስም።

መፍትሄው በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። ለሁለቱም ስቴት አንድ ዓይነት ስብጥር ይስጧቸው። ለምሳሌ ከመቶው 50 ነጭ፣ 30 ላቲኖ፣ 20 ጥቁር ይሁን። የየቡድኑን ነጥብ በድርሻው አባዝተው ይደምሩ። ቴክሳስ 243 ይመጣል፣ ዊስኮንሲን 237። ድርሻውን እንደፈለጉ ይቀያይሩት፤ ለሁለቱም እኩል እስከሆነ ድረስ ቴክሳስ ይበልጣል። የየቡድኑ ነጥብ በኔይፕ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ኔይፕ ናሙና ስለሆነ የሁለት ሦስት ነጥብ ልዩነት ብዙ ጊዜ ልዩነት አይደለም። የቡድኑ ተማሪዎች ቁጥር ሲያንስ ደግሞ የባሰ ይወላውላል።

ምልክት፦ ማንም የማያስባት ስቴት በኤስኤቲ አንደኛ ወጣች

ኤስኤቲ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወሰድ ፈተና ነው። በ1982 የአዮዋ አማካይ 1088፣ የሳውዝ ካሮላይና 790 ነበር። ወደ 300 ነጥብ ልዩነት! ሁለት ዓመት ቆይቶ የትምህርት ሚኒስትሩ ቴረል ቤል ስቴቶችን በእነዚህ ዓይነት ቁጥሮች የሚደረድር የግድግዳ ሰንጠረዥ አወጡ።

የተደበቀው ነገር ይህ ነው፦ አዮዋ ውስጥ ኤስኤቲ የወሰደው 3 በመቶው ተማሪ ብቻ ነበር። የቀረው ኤሲቲ የሚባለውን ሌላውን የመግቢያ ፈተና ነው የሚወስደው። ኤስኤቲ የሚቀመጠው ሩቅ ወዳለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት ቀለሜ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ግን 48 በመቶው ተፈትኗል። የሰፈሩን ምርጥ ሯጮች ከትምህርት ቤት ሙሉ ልጆች ጋር እንደማሽቀዳደም ነው። መፍትሄ፦ ከአማካዩ ጎን ስንት በመቶው እንደተፈተነ ካልተጻፈ ሰንጠረዡን ይዝጉት። እንደ ሚሺጋንና ኮሎራዶ ሁሉንም ተማሪ ኤስኤቲ የሚያስቀምጡ ስቴቶች ዝቅ ብለው ቢታዩም አይገርምም።

ምልክት፦ ውጤቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘለለ ወይም ወደቀ

መምህራኑ ሳይቀየሩ ተፈታኞቹ ተቀይረው ይሆናል። ሜሪላንድ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። በ2013 ልዩ ድጋፍ ከሚሹና እንግሊዝኛ ገና ከሚማሩ ልጆች ብዙዎቹን ከኔይፕ አስቀርታ ነበር፤ በዚያ ረገድ ከአገሪቱ ቀዳሚ ነበረች። ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ለእነዚህ ልጆች በስቴቱ ፈተና ጥያቄው ይነበብላቸዋል፣ ኔይፕ ንባብ ላይ ግን ያ አይፈቀድም። በ2015 ብዙዎቹ ሲካተቱ ውጤቱ አሽቆለቆለ። ልጆቹ በሁለት ዓመት ደነቆሩ ማለት ነው? አይደለም።

ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄዳለች። ኪራይ ሲንር ድሃው ወጣ፣ ገቢው ደህና የሆነ ገባ። የከተማዋ ውጤት የጨመረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። በከፊል አልኩ፣ ትምህርት ቤቶቹም ሠርተዋልና። ለሁለቱም መፍትሄው አንድ ነው፦ ተፈታኞቹ እነማን ነበሩ፣ ስንቱስ ቀረ ብሎ መጠየቅ፤ ከዚያ የየቡድኑን ለውጥ ለብቻው ማየት።

ምልክት፦ «እንግሊዝኛ ተማሪዎች» የሚለው መስመር ከዓመት ዓመት አይነቃነቅም

ቋንቋውን የቻለ ልጅ ከመስመሩ ይወጣል፣ አዲስ መጪ ይገባበታል። እንዴት ይነቃነቅ? በፊት በዚህ ምድብ የነበሩትንም አብሮ የሚቆጥር ሰንጠረዥ ይፈልጉ።

የድህነት መለኪያውም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ለዓመታት ድሃ የሚባለው ነጻ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ልጅ ነበር። ከ2014 ወዲህ ግን ድህነት የሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ያለ ቅጽ ለሁሉም ምሳ መስጠት ይችላሉ። እንደ ካሊፎርኒያና ሜይን ያሉ ስቴቶች ለሁሉም ልጅ አድርገውታል። የሐኪም ልጅም ነጻ ምሳ ይበላል። በዚህ የተነሳ ኔይፕ በ2024 ሌላ መለኪያ ጨመረ፤ ቤት ውስጥ ስንት መጽሐፍ እንዳለ ሁሉ ይቆጥራል።

ምልክት፦ «ጥቁር ተማሪዎች» የሚለው መስመር ልጄን አይመስልም

ይህን ጥያቄ ከራሳችን ሰው ነው የምሰማው። አንዳንዱ በኩራት፣ አንዳንዱ ግራ ገብቶት። እውነቱን ለመናገር መስመሩ ማንንም በደንብ አይመስልም። አያቶቹ ሚሲሲፒ ውስጥ በዘር ተለይቶ በተመደበ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጅ አለበት። የናይጄሪያዊ ሐኪም ልጅ አለበት። ከስደተኞች ካምፕ የመጣ ሶማሊ አለበት። የእኛም እዚያው ነው፤ እናቱ ነርስ የሆነችና ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው፣ በዲቪ ከደሴ የመጣውም። «እስያዊ» የሚለውም ያው ነው፦ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሕንዳዊ መሐንዲስ ልጅ ይበዛበታል፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ወላጆቹ ከላኦስ በስደት የመጡ የሞንግ ልጅ።

ዘር ራሱ ነጥብ አያመጣም፣ አይቀንስም። ለገቢ፣ ለሰፈር፣ ለታሪክ ምትክ ሆኖ የተቀመጠ መለያ ነው። ያ ምትክ ደግሞ ከስቴት ስቴት ትርጉሙ ይለያያል። ስለዚህ ላይ የሠራነው የቴክሳስና ዊስኮንሲን ስሌትም ሙሉ ፈውስ አይደለም፤ ግማሽ መንገድ ያደርሳል።

ከዚህ ይበልጥ የተዘረዘረ መረጃ ሲገኝ ይጠቀሙበት። ሚኒሶታ የምዝገባ ቅጹ ላይ «ጥቁር» የሚለውን ዘርዝሮ ይጠይቃል፦ ሶማሊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ላይቤሪያዊ፣ ኦሮሞ፣ ሌላ ኢትዮጵያዊ። ቅጹን ዘለው የሚያልፉ ወገኖች አሉ፤ ባይዘሉት ጥሩ ነው። ያልተሞላ ቅጽ ማንንም አይቆጥርም።

ምልክት፦ «የተስተካከለ» ደረጃ ከተለመደው ጋር አይገናኝም

ኧርባን ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋም የኔይፕን ውጤት በገቢ፣ በዘር፣ በቤት ቋንቋና በመሳሰሉት አስተካክሎ ያወጣል። ሚሲሲፒን እዩ። በ2013 በ4ኛ ክፍል ንባብ 49ኛ ነበረች። በ2024 ዘጠነኛ። ሲስተካከል ደግሞ አንደኛ! ኦሪገን በተቃራኒው ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወርዳለች።

ሚሲሲፒ በ2013 ባወጣችው ሕግ ማንበብ ያልቻለ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ይደግማል። እና አራተኛ ክፍል የሚፈተነው የተበጠረው ነው የሚል ክርክር አለ። እኔ ሁሉን በዚያ ማስረዳት ይከብደኛል። የደገመውም ልጅ በዓመቱ አራተኛ ክፍል ይደርሳል፣ ያኔ ይቆጠራል።

ሁለቱ ደረጃዎች የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። የተስተካከለው «ይህ ስቴት በያዛቸው ልጆች ምን ሠራ?» ለሚለው ነው። ያልተስተካከለው «ልጆቹ አሁን ምን ያውቃሉ?» ለሚለው። ቀጣሪም ሆነ ዩኒቨርሲቲ አስተካክሎ አይቀበልም። ማስተካከያውን ይዞ «ድሆች ናቸው፣ ይበቃቸዋል» የሚል ባለሥልጣን ሲያጋጥም ያልተስተካከለውን ቁጥር ማውጣት ነው።

የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እና ልሂድ አልሂድ?» አለኝ። ስቴቱን ተወው አልኩት። በአንድ ስቴት ውስጥ በትምህርት ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በስቴቶች መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል። «የትኛው ዲስትሪክት ነው የምትገባው?»

«ቤት ገና አላገኘሁም» አለኝ።