ለሠርግ ፎቶ አንሺነት ዕቃ መምረጥና መዘጋጀት

የሠርግ ፎቶ ሥራ ሊጀምር ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ካሜራ እንደሚሻል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ የሚገኘው የሠርጉን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በማጤን ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሠርግ በማለዳ ሙሽሪት ከምትዘጋጅበት ጠባብ ክፍል ይጀምርና በወላጆቿ ሳሎን፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በፓርክ የቀትር ፀሐይና በአዳራሽ ባለ ቀለም መብራት ውስጥ አልፎ በማግስቱ በመልስ ይቀጥላል። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ በየቦታው ብርሃኑ ምን ያህል እንደሆነና ከሙሽሮቹ በስንት ሜትር ርቀት እንደሚቆሙ አጠገቡ ይጻፉ። የሚገዙትን ዕቃ ከዚያ ወረቀት ይመርጣሉ።

ካሜራ ሲመርጡ ሁለት የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለውን ይውሰዱ። ካርድ ያለ ምንም ምልክት ሊበላሽ ይችላል፣ ሠርግ ደግሞ አይደገምም። ካኖን 5ዲ ማርክ 3፣ ኒኮን ዲ750 እና ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ሁለት ማስገቢያ ሲኖራቸው ካኖን 6ዲ ግን አንድ ብቻ አለው። ሁለት ማስገቢያ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ካርዶች ላይ እንዲቀመጥ በካሜራው ሜኑ ማስተካከል ያስፈልጋል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዙ ከሆነ ሻተሩ (ፎቶ በተነሣ ቁጥር ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ያረጋግጡ፤ ለካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና ለኒኮን ዲ750 አምራቾቹ የሰጡት የሻተር ዕድሜ ግምት 150,000 ጊዜ ነው። የስልክዎን ባትሪ አብርተው በሌንሱ ውስጥ ይመልከቱ፤ ሻጋታ ካለ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። ሱቁ ውስጥ ጨለም ወዳለው ጥግ ዞረውም ትኩረቱን በፍጥነት መያዝ አለመያዙን ይሞክሩ። ሁለተኛ ካሜራ፣ አሮጌም ሆነ በኪራይ፣ ሳይዙ የሰው ሠርግ መቀበል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

ገንዘቡ የሚያጥር ከሆነ ከካሜራው ቀንሰው ለሌንስ ይጨምሩ። የሌንስ ሚሊ ሜትር ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሆነው ኤፍ 2.8 ሌንስ አብዛኛውን ቀን ይሸፍናል፤ 35 ሚሊ ሜትሩ ለጠባብ ክፍል፣ ዋጋው የማይከብደው 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ ለፊት ፎቶ ይሆናል። ረጅሙን ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር መከራየት ይቻላል።

ብዙ ጀማሪ የሚቸገረው በአዳራሽ ብርሃን ነው። ፍላሽን ወደ ኮርኒስ አዙሮ ማንጸባረቅ የሚሠራው ኮርኒሱ ዝቅ ያለና ነጭ ሲሆን ነው፤ በዲኮር ጨርቅ በተሸፈነ አዳራሽ ወይም በቢጫና በሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ግን የጨርቁ ቀለም በሙሽሪት ፊት ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት ፍላሽ፣ አንድ ማቆሚያና ትሪገር (ፍላሹን ከሩቅ የሚያበራ መሣሪያ) ይያዙና አንዱን ፍላሽ ከጎን አቁመው በዣንጥላ ያለስልሱት። በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ስለሚሠራ አንዳንድ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራቶች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ይህንን ዓይን ባያየውም ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ሆኖ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሻተሩን ፍጥነት 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ላይ ያድርጉት፣ ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሻተርም ይተዉት። ነጭ ቬሎ ወይም የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፣ የሙሽሪትም ፊት ጠቆር ይላል፤ ጥቁር ሱፍ ሲሞላው ደግሞ ቀሚሱ ነጭ በነጭ ሆኖ ጥልፉ ይጠፋል። የብርሃኑን መጠን በእጅ ማስተካከል ይልመዱ፣ በሮው ፎርማትም (ካሜራው ሳይጨምቀው በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሡ።

ሥራ ከመቀበልዎ በፊት ልምድ ላለው ፎቶ አንሺ በረዳትነት ይሥሩ፤ በተለይ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ረዳት የሚፈልግ አይጠፋም። ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት። መልስ መካተቱን፣ የአልበሙን ገጽ ብዛት፣ የላሚኔቱን መጠንና የማስረከቢያውን ቀን ይግለጹ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ስለሚከለክል፣ ፎቶዎቹን በማኅበራዊ ገጽዎ ላይ ማውጣት የሚፈልጉ ከሆነ ፈቃዱን በውሉ ውስጥ ያስገቡት።

ከሠርጉ ጥቂት ቀናት አስቀድመው ቦታዎቹን ይጎብኙ። ሥርዓተ ተክሊል የሚፈጸምበት ቤተ ክርስቲያን ከሆነ የት መቆም እንደሚፈቀድና ፍላሽ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ካህናቱን በአክብሮት ይጠይቁ፤ ሊቀደሙ የማይገባቸው እነሱ ናቸውና። በኒካህ ላይ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ የሚቀመጡበት ቤት ካለ ሴት ፎቶ አንሺ ይዘው ይሂዱ። ከቪዲዮ አንሺውም ጋር ተነጋግረው የማን ላይት የት እንደሚቆም ይስማሙ። ዋዜማውን ባትሪዎቹን ሁሉ ይሙሉ፣ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ይህን ለሌሊት አያቆዩት፤ የሁለቱን ካሜራዎች ሰዓትም እኩል ያድርጉ፣ አለበለዚያ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል መደርደር ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

በዕለቱ ሁለት ቅጽበቶች ልዩ ዝግጅት ይፈልጋሉ። የሙሽሪት ወገን በር ይዞ አናስገባም ሲል ሙሽራው ቆሞ የሚታየው ከደጅ ፀሐይ ጋር ስለሆነ፣ ሳሎን ውስጥ ሆነው ቢያነሡት ፊቱ ይጨልማል፤ 35 ሚሊ ሜትሩን ይዘው ከበሩ ጎን ይቁሙና የብርሃኑን መጠን ለሙሽራው ፊት አስቀድመው ያስተካክሉ። ጉልበት ሲሳም ደግሞ ቁመው ካነሡ የሚያገኙት የሙሽሮቹን ጀርባ ብቻ ነው። ከወላጆቹ ጎን በርከክ ብለው ይጠብቁ፤ አባት ልጁን ከጉልበቱ አንሥቶ ሲስም ሁለቱም ፊቶች የሚገናኙት ለአፍታ ስለሆነ ጣትዎን ከማንሻው ቁልፍ ላይ አያንሡ።

ማታ ቤት ሲገቡ ቢደክሙም ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተርና ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው ፋይሎቹ መከፈታቸውን ያረጋግጡ፤ ከዲስኮቹ አንዱን በሌላ ቤት ያስቀምጡ። ለመልሱ ሌሎች ካርዶችን ይዘው ይሂዱ፤ የሠርጉን ካርዶች ሙሽሮቹ ፎቶዎቻቸውን እስኪረከቡ ድረስ አያጥፉ።